የመከታ መቀነት

ሰው ሲፈራ ስም አይጠፋለትም። ጠንቃቃ ነው ይባላል፣ አስተዋይ ነው ይባላል፤ ዕድሜው ገፋ ካለ ደግሞ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረበት ነው ተብሎ ወንበር ይለቀቅለታል። ውሻ ግን ከፈራ ፈሪ ነው። በቃ። የፈራው ሌባ ሳይሆን ነጎድጓድ ቢሆን እንኳ የሚያዝንለት የለም። እናንተም ይህን ስታነቡ ፈገግ ማለታችሁ አይቀርም። እኔም ድሮ እስቅ ነበር።

የኔ ውሻ ስሙ መከታ ነው። ስሙን ያወጣችለት ባለቤቴ ጥሩወርቅ ናት፣ ነፍሷን ይማርና። ቡችላ ሳለ ከሮብ ገበያ በዘንቢል ይዛው ስትመጣ፣ አድጎ ቤቱን ይመክታል ብላ ነው። አደገ፣ ጥጃ አከለ፣ የሰው ኮቴ ሲሰማ ግቢውን በጩኸት ያናውጠው ጀመር። ሐምሌ ገብቶ ከሰዓት በኋላ በጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ማጓራት ሲጀምር ግን ያን ሁሉ ጀግንነት ውሃ ይበላዋል። ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ወሽቆ እየተንቀጠቀጠ የጥሩወርቅን ቀሚስ ፍለጋ ይመጣል። ውሻ ቤት አይገባም ስላት፣ እሱ የገባው ቀሚሴ ሥር እንጂ ቤት አይደለም ትለኝ ነበር።

እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ዘንድሮ ክረምቱ እንደገባ መከታ በነጎድጓድ ደንብሮ አጥሩን ጥሶ ጠፋና በሦስተኛው ቀን እያነከሰ ተመለሰ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደብረ ማርቆስ ላይ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እሱ በጠፋበት ጊዜ በቤቱ ውስጥ ከኔ ሌላ የሚተነፍስ ስንት እንዳለ ቆጠርሁ። ዜሮ። ከዚያ በፊት ቆጥሬው አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ እንደገና ከሄደ እንደማይመለስ ታወቀኝና ፈራሁ። በኔ ዕድሜ ግን ስሙ ጥንቃቄ ነው።

ሐዋሳ ላለችው ልጄ በስልክ ብነግራት በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችልኝ። የፈረንጅ ውሻ ጥብቅ ያለ ሰደርያ ለብሶ፣ ውጭ ርችት እየተተኮሰ ምንጣፍ ላይ ተዘርግቷል። ደረቱና ጎኑ ጠበቅ ተደርጎ ሲያዝ የታቀፈ እየመሰለው ይረጋጋል አለችኝ። ለሁሉም ውሻ ላይሠራ ይችላል፣ ግን ሞክረው አባዬ፣ ረጅም ጨርቅም ይበቃል፤ በደረቱ አሳልፈህ ጀርባው ላይ አጣምረው፣ በሆዱ ሥር አዙረህ ቋጥረው፣ ትንፋሽ እንዳያጥረው ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። እኔ እንዴት እንደምረጋጋ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኋት።

ፎጣ ሞከርሁ፣ አጠረ። ጋቢ ሞከርሁ፣ መከታ ለቅሶ ቤት የመጣ ሽማግሌ መሰለና ሁለት እርምጃ ሄዶ ተደናቅፎ ወደቀ። ረጅም፣ ለስላሳና ጠንካራ ነገር ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ጨርቅ በቤቴ አንድ ብቻ ነበረ፤ መኖሩን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። በአገራችን የሟች ልብስ ስለ ነፍሱ ተብሎ ለድሃ ይሰጣል። የጥሩወርቅም በአርባዋ ተሰጠ። ልብሱን አንድ በአንድ ያሰናዱት ታላቅ እህቷ እትየ ሙሉ ነበሩ፤ መቀነቷን ቢያጡት ቤቱን አገላብጠው ፈለጉ። ጥጡን ራሳቸው ፈትለው፣ እህታቸው የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ወገቧን እንድታስርበት ያሸመኑላት መቀነት ነው። እኔን ጠየቁኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ አላየሁም አልሁ። ፍራሼ ሥር ነበር። አመኑኝ አላመኑኝም አላውቅም፤ ቤታቸው ከኔ ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ሆኖ፣ ከሙት ዓመቱ ወዲህ ደጄን አልረገጡም።

እና ያን መቀነት አወጣሁ። ሳወጣው እጄ ስለተንቀጠቀጠ ለጥቂት ጊዜ ሁለት ተንቀጥቃጮች ሆንን። ልጄ እንዳለችው አሰርሁለት። መጀመሪያ እንደ ግንድ ደርቆ ቆመ። ቀጥሎ በረጅሙ ተነፈሰና ጭንቅላቱን እግሬ ላይ አሳረፈ። ነጎድጓዱ ቆርቆሮውን ሲደልቀው አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጥ አድርጎ መልሶ ከደነው። እኔ ግን አለቀስሁ።

እንዲህ እያልን ሐምሌን ጨረስን። ችግሩ መከታ መረጋጋቱ አልበቃ ብሎት መድፈሩ ነው። በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ በሩን ብከፍት፣ መቀነቱን ሳልፈታለት መንገድ ወጣ። ሰዓቱ ቅዳሴ ወጥቶ ምእመኑ ነጠላውን እንዳጣፋ የሚመለስበት ነው። ባለጥለት መቀነት የታጠቀ ውሻ በመሃላቸው ሲንጎራደድ አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አማተበ። አንዲት ሴት ግን ቆሙ። እትየ ሙሉ የፈተሉትን ክር ከሩቅ ያውቃሉ። መቀነቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ጭቃውን በላስቲክ ቦቲያቸው እየረገጡ መጡ። እኔ መቀነቱን አጥቤ፣ በከሰል አድርቄ፣ አጣጥፌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነበር። ስለ ፍራሹ ነገርኋቸው፣ ስለ ውሸቱ ነገርኋቸው፣ ቆጥሬ ስላገኘሁት ዜሮም ነገርኋቸው። ሁሉን ከሰጠን ከእሷ ምንም የሚቀረኝ አልመሰለኝም አልሁ። ወሬዬን ሳልጨርስ ሰማዩ አጓራ። መከታ እየተንቀጠቀጠ ገባና በቀጥታ ሄዶ እትየ ሙሉ ቀሚስ ሥር ተወሸቀ።

በጾም፣ ያውም ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ውሻ ሲነካቸው እንደሚያባርሩት ጠብቄ ነበር። ለረጅም ጊዜ ቁልቁል አዩት። ከዚያ መቀነቱን ከጠረጴዛው አንሥተው በርከክ አሉ።

«ትናንት ያሰሩት ልክ አልነበረም። እሷ በግራ ነበር የምትቋጥረው» አሉና በግራ ቋጠሩለት። ቀና ሳይሉም፣ «ለእርስዎስ፣ መምህር፣ ማን ያስርልዎታል?» አሉኝ።

ዝናቡ ሲያግዳቸው ቁጭ ብለው ስለ ጥሩወርቅ አወሩኝ። ልጅ ሳለች ነጎድጓድ ስትፈራ ወገቧን ጭምቅ አድርገው ይይዟት እንደነበር ያን ቀን ሰማሁ። አብሬያት ስኖር አንድ ቀን አልነገረችኝም። ቀሚሷ ሥር ማን ማንን ያረጋጋ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ለነፍስ አባታችን ተናዝዤ፣ በመቀነቱ ፈንታ አዲስ ቀሚስ ስለ ነፍሷ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር እትየ ሙሉ መከታን ላሥረው ብለው ይመጡ ጀመር። ያሥሩታል፣ ይቀመጣሉ፣ እናወራለን። በሕይወቴ እንደዘንድሮ ክረምት ያጠረብኝ የለም።

ጥቅምት ገባ። ሰማዩ ተወለወለ፤ እትየ ሙሉም ቀሩ። ሳምንት ያህል ከመከታ በቀር ሰው አላናገርሁም። በስምንተኛው ቀን ደወልሁና መከታ እየተንቀጠቀጠ ነው አልኋቸው። መከታ እግሬ ሥር ፀሐይ ላይ ተንጋሎ ያንኮራፋ ነበር።

«በርትቷል?» አሉ።

«በርትቷል» አልሁ።

በር ላይ ወጥቼ ጠበቅሁ። ጮቄ አናት ላይ እንኳ አንዲት ዳመና የለችም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እትየ ሙሉ በመታጠፊያው ብቅ አሉ። በዚያ ሁሉ ፀሐይ፣ በዚያ በደረቀ መንገድ፣ የላስቲክ ቦቲያቸውን ተጫምተው ነበር።