የጎደሉት ሦስት ወንበሮች

(የአንድ ሶፋ ፋብሪካ የስብሰባ ክፍል። ፋብሪካው ወንበር ሠሪ ነውና የራሱ ልማድ አለው፦ ባለአክሲዮኖች ሲሰበሰቡ ለእያንዳንዱ አክሲዮን አንድ ወንበር ይደረደራል። አክሲዮኖቹ አሥር ናቸው፤ አራቱ የአንድ ትልቅ ባለሀብት፣ ስድስቱ የስድስት ሠራተኞች። ባለሀብቱ አንዱ ላይ ይቀመጥና ሦስቱ ላይ ኮቱን፣ ባርኔጣውንና ቦርሳውን ያሳርፋል። ጨርቅ ቆራጩ ሊቁ አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ ስድስት ገጽ ንግግር ይዞ ወንበር ይቆጥራል። ስፖንጅ የሚሞላው የእህቱ ባል አጠገቡ ቆሟል። ፈዛዛ ነው ብለው ፈዜ ብለውታል፤ እሱም ልቃወም አልቃወም ሲል ዓመታት አለፉ።)

ሊቁ፦ ሰባት ብቻ። ዘበኛው ሦስት ወንበር ረስቷል።

ፈዜ፦ ዘበኛው እኮ ቆጥሮ ነው የሚያመጣው።

ሊቁ፦ አንተ ቁጥር ውስጥ አትግባ። ሂድና ሦስት አምጣ።

ፈዜ፦ ለማን?

ሊቁ፦ ለእኔ፣ ለአናጺውና ለቀለም ቀቢው።

ፈዜ፦ እናንተ አክሲዮናችሁን ሸጣችሁ የለ እንዴ?

ሊቁ፦ (ክራቫቱን እያስተካከለ) ስማ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ለሰውዬው ሸጠን ቢሆን እሱ ሰባት ይሆን ነበር። እኔ ግን ማንም አያሞኘኝም። የሸጥነው ለራሱ ለካምፓኒው ነው። ሰውዬው አንድም አልገዛም። አራት ነበረው፣ አሁንም አራት ነው ያለው።

ፈዜ፦ ካምፓኒው የማን ነው?

ሊቁ፦ የሁላችን ነዋ።

ፈዜ፦ ታዲያ ከየት አምጥቶ ከፈላችሁ?

ሊቁ፦ ለጣሪያው ማሳደሻ ከተቀመጠው።

ፈዜ፦ እኔ ደግሞ ስፖንጄ ላይ ለምን እንደሚያፈስ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ሊቁ፦ አሁን ጣሪያ አታምጣብኝ። ዛሬ የሚወሰነው የእኛ ክፍል ይዘጋ አይዘጋ የሚለው ነው። ሰውዬው ዘግቶ መጋዘን ሊያደርገው ነው ያሰበው። አምና ስድስት ለአራት ረታነው፣ ዛሬም እንረታዋለን።

ፈዜ፦ እነዚያ ካምፓኒው የገዛቸው ሦስቱስ ለማን ድምፅ ይሰጣሉ?

ሊቁ፦ ለማንም። ተሰርዘዋል። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እኮ፤ ማንበብ ስትጀምር እንቅልፍ ስለሚወስድህ ነው።

(ፈዜ አራት ወንበር ወደ ግድግዳው ጎተተ፣ ሦስቱን ወደ በሩ። ሊቁ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲያየው ቆየና ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመ።)

ሊቁ፦ ይሄ ምንድነው?

ፈዜ፦ ይሄ ሰውዬው። ይሄ እኛ።

ሊቁ፦ አራት ለሦስት?

ፈዜ፦ አዎ፣ ከኮቱና ከባርኔጣው ጋር።

ሊቁ፦ እንዴ፣ ሰውዬው ከኪሱ ሰባራ ሳንቲም ሳያወጣ?

ፈዜ፦ ከጣሪያው ወጥቷል ብለኸኝ የለ።

(ሊቁ ሃያ ዓመት ጨርቅ የቆረጠበት ጠረጴዛ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። አናጺውንና ቀለም ቀቢውን እንዲሸጡ ሲወተውት የከረመውም ራሱ ነው። አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ተዘረፈጠ።)

ፈዜ፦ ኧረ ተነሥ፣ እሱ የኮቱ ነው።

ሊቁ፦ (እየተነሣ) ቆይ፣ አንተስ ለምን አልሸጥክም? መሸጫ ቅጹን በእጄ ሰጥቼህ፣ አልገባኝም ብለህ መለስክልኝ።

ፈዜ፦ አልገባኝም ነበራ።

ሊቁ፦ ምኑ ነው ያልገባህ? ዋጋው ጥሩ ነው፣ ፈርመህ ትቀበላለህ፣ በቃ።

ፈዜ፦ እሱማ ገብቶኛል። ያልገባኝ፣ ዋጋው እንዲያ ጥሩ ከሆነ ሰውዬው ለምን አንድ እንኳ እንዳልሸጠ ነው።