የጓዲት ወርቅዬ የሐይቅ ጉዞ

ስሕተቱ ትንሽ ነበር፤ አንዲት ቁጥር ብቻ። በሆሳዕና ከተማ፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ ቀበሌ፣ በመምህር ጴጥሮስ የቤተሰብ ካርድ ላይ «የቤተሰብ ብዛት፦ 5» ተብሎ ተጽፏል። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር አራት እንደሚሆኑ የመምህሩ ባለቤት አሰገደች አሳምራ ታውቃለች፤ ሂሳብ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ተምራለች። ቁጥሯን ልብ ያለቻት ግን ማኅተሙ ካረፈባት፣ ቀለሙም ከደረቀ በኋላ ነው። ከማኅተም በኋላ የሚታይ ስሕተት ደግሞ ስሕተት አይባልም፤ መረጃ ይባላል።

ነገሩ የመጣው ከመጠንቀቅ ነው። በቆጠራው ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረሚካኤል ራሳቸው መዝገብ ይዘው ቤት ለቤት ዞረዋል። በአገሩ ልማድ ሰውና ከብት አንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድር፣ አርቆ አሳቢው መመሪያ «በቤቱ የሚያድር ሁሉ ይመዝገብ፤ ከብት ግን አይመዝገብ» ይላል። አሰገደች ከመንግሥት ነገር መደበቅ ምን እንደሚያስከትል ቀንም ሌትም የምታስብ ሴት ናትና፣ የሚያድረውን ሁሉ ተናገረች።

«ሌላስ?» አሉ ጓድ ገብረሚካኤል፣ ከመዝገቡ ቀና ሳይሉ።

«ወርቅዬም አለች፤ ግን እሷ እንኳ...»

«ከብት ናት?»

«ኧረ ከብትስ አይደለችም።»

«ዕድሜ?»

«ሦስት ዓመቷ ነው።»

«ወርቅዬ ጴጥሮስ፣ ሴት፣ ሦስት ዓመት» ብለው ጻፉና ወጡ። «ድመት ናት እኮ!» የሚለው የአሰገደች ድምፅ የደረሰው ለተዘጋው በር ነው።

ጴጥሮስ ካርዱ በወጣ ማግስት ሊያሳርም ቀበሌ ሄዶ ነበር። ከካርድ ላይ ሰው የሚሰረዘው በሞት፣ በጋብቻ ወይም በብሔራዊ ውትድርና ብቻ መሆኑን ነገሩት፤ ሕፃኗ ከሦስቱ የትኛው እንደ ደረሰባትም በአክብሮት ጠየቁት። ካርዱን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተሰቡ ከሕብረት ሱቅ የአምስት ሰው ስኳር ሲቀበል ቆየ። ይህ በሬዲዮ ቋንቋ የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል። አሰገደች ዜናው ላይ ቃሉን በሰማች ቁጥር ባሏ እጁን የኋሊት ታስሮ ይታያት ነበር።

በዚህ መሃል ታላቅ ክብር መጣ። ከቧንቧ ሌላ ውኃ የማያውቀው ቀበሌ የአብዮቱን በዓል ምክንያት በማድረግ ባለሸራ ጀልባ ሠርቶ ነበር። ሸራው «ነፋስንም ለሰፊው ሕዝብ እናስገዛለን!» የሚል ቀይ የሰልፍ ጨርቅ ነው። ጀልባው በጭነት መኪና ወደ ቦዮ ሐይቅ ተወስዶ፣ አንድ አርአያ ቤተሰብ ይንሸራሸርበታል። አርአያ ሆኖ የተመረጠውም የመምህር ጴጥሮስ ቤተሰብ ነው። ደብዳቤው «ከነሙሉ ቤተሰብዎ (5) እንዲገኙ፤ አንድ ሰው ቢጎድል በአብዮቱ ላይ እንደ ማሾፍ የሚቆጠር መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን» ይል ነበር።

«ታማለች እንበል» አለ ጴጥሮስ።

«ሐኪም ይያት ቢሉስ?»

«እንግዲያው ከጎረቤት ልጅ እንዋስ።»

«የጎረቤት ልጅ የጎረቤት ካርድ ላይ አለች። ሁለት ቦታ ተቆጥራ ብትገኝ ሁለት ቤት ይፈርሳል! ማርያምን፣ ከእንግዲህ ውሸት አልጨምርም። ካርዱ ላይ ያለችው ራሷ ትሂድ።»

እናም ወርቅዬ በዘንቢል ሆና፣ በሁለቱ ልጆች በጵርስቅላና በአክሊሉ መሃል ተቀምጣ፣ እስከ ሐይቁ ድረስ እየጮኸች ተጓዘች።

ሐይቁ ዳር ከአውራጃ የተላኩት የክብር እንግዳ በጃንጥላ ጥላ ሥር፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው ተቀምጠዋል። ጓድ ገብረሚካኤል ጀልባው አጠገብ ቆመው ስም ጠሩ። አራቱ አቤት አሉ።

«ወርቅዬ ጴጥሮስ!»

አሰገደች የዘንቢሉን ክዳን ገለጠች። ሊቀመንበሩ አዩ። ወረቀታቸውን አዩ፤ የገዛ እጃቸው ጽሑፍ ነው። እንደገና ዘንቢሉን አዩ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ያኔ ልነግርዎት ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሄዱብኝ።»

«ድመት መዘገብኩ ማለት ነው?»

«እርስዎማ ሰው ነው የመዘገቡት» አለ ጴጥሮስ።

ጓድ ገብረሚካኤል ወደ ጃንጥላው ዞር አሉ። ካርዱ በሳቸው ፊርማ ጸድቆ አውራጃ ደርሷል፤ ከአውራጃም ወደ ላይ ወጥቷል። አሁን ሊስተካከል የሚችለው ድመቷ ብቻ ናት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ውሳኔ ሰጡ፦ «በነጠላ ጠቅልያትና እቀፊያት። ጓዲት ወርቅዬ ተገኝታለች።»

ጀልባ ነጂው አቶ ኤርጫፎ እዚያው ሐይቁ ዳር ተወልደው ያረጁ ሰው ናቸው። «ነፋሱ አሁን ከወዲያ ነው የሚመጣው፤ ከሰዓት ብንሄድ ይሻላል» አሉ።

«መርሐ ግብሩ ሦስት ሰዓት ይላል» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተሳፍረው።

«ለነፋሱ ነግራችሁታል?»

ለነፋሱ የነገረው አልነበረም። ሸራው እንደ ተዘረጋ ጀልባው በሚያስደንቅ ፍጥነት የሐይቁ ጉማሬዎች ወደሚተኙበት ወገን የኋሊት መሄድ ጀመረ። ከዳር የክብር እንግዳው በድምፅ ማጉያ «ወደፊት ጓዶች! ወደፊት!» ይላሉ።

ጓድ ገብረሚካኤል ችግር ፊት ተሸንፈው የማያውቁ መሪ ናቸው። «ሁላችሁም ዞራችሁ ተቀመጡ!» ብለው አዘዙ። ቤተሰቡ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። ጀልባው በዚህ ዓይነት ወደፊት መጓዝ ቀጠለ።

«እማዬ፣ ጉማሬዎቹ ጋ እየሄድን ነው» አለች ጵርስቅላ።

«ዝም በይ፤ ይሰሙናል» አለች አሰገደች። ማንን ማለቷ እንደ ሆነ ግን አልተናገረችም።

ከፊት ለፊት አንድ ጉማሬ ብቅ ብሎ አፉን ከፈተ። ሊቀመንበሩ ለሱም ንግግር ለማድረግ የፈለጉ ይመስል ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ጀልባው ተወላገደ። አሰገደች ልጆቿን ለመያዝ እጇን ስትለቅ ጓዲት ወርቅዬ ከነጠላው ወጥታ ምሰሶውን ቧጥጣ ወጣች። ከጫፉ ደርሳ መያዣ ስታጣ ጥፍሯን ሸራው ላይ ተክላ፣ ከላይ እስከ ታች እየተረተረችው ወረደች። ሰፊው ሕዝብ ተበጣጥሶ ተንጠለጠለ፤ «ነፋስ» የሚለው ቃል ብቻ ሳይነካ ቀረ። ጀልባው ፍጥነቱን አጥቶ ደንገሉ ውስጥ ቆመ። አቶ ኤርጫፎ በረጅም እንጨት እየገፉ፣ የሆዳቸውን በሀዲይኛ እየተናገሩ፣ ሁሉንም በደኅና ወደ ዳር መለሱ።

የክብር እንግዳው ከጃንጥላው ሥር ወጥተው ጠበቋቸው። ቤተሰቡን በጣታቸው ቆጠሩ፤ አራት። ከዚያ በኋላ ዓይናቸው በአሰገደች ትከሻ ላይ በተቀመጠችው፣ ጭራዋ በረጠበው ድመት ላይ ዐረፈ። አሰገደች በልቧ የባሏን ሹራብና ለእስር ቤት ስንቅ የሚሆን ቆጮ ማዘጋጀት ጀመረች።

እንግዳው አጨበጨቡ። ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው አነበቡ፦ «አምስቱም የቤተሰቡ አባላት ያለ አንዳች እንከን፣ ነፋሱን እየመሩ ጉዟቸውን አጠናቀዋል።» ሪፖርቱ ከትናንት በስቲያ በታይፕ ተመትቶ ያለቀ ስለ ነበር፣ ዛሬ የደረሰው ሁሉ ሊያበላሸው አልቻለም።

አሰገደች በጭብጨባ የምትታለል ሴት አይደለችም። ማታ ቤቷ ስትገባ ሹራቡንና ቆጮውን የምሯን ከረጢት ውስጥ ከተተች። ከረጢቱን ቋጥራ ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ።

«ይኸው መጡ! ጴጥሮስ፣ ጫማህን አድርግ።»

በሩ ላይ የቆሙት ጓድ ገብረሚካኤል ናቸው፤ ብቻቸውን፣ ጋቢ ተከናንበው።

«እንደምን አመሻችሁ፣ የጵርስቅላ እናት። የመጣሁት ለግል ጉዳይ ነው።»

«ካርዱን ነው? ዛሬውኑ እንመልሳለን። ስኳሩንም...»

«ኧረ ተይው! ነገ የኔን ቤት ሊቆጥሩ ከአውራጃ ይመጣሉ።» ሊቀመንበሩ ግራ ቀኝ ተመለከቱ። «ካርዴ ዘጠኝ ይላል፤ ቤት ውስጥ ያለነው ስድስት ነን። ሁለቱን ከእኅቴ ልጆች አሟላሁ። አንድ ሰው ጎደለኝ።»

ጴጥሮስ አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንድ እግሩ መሬት ላይ እንዳለ ሚስቱን አየ።

«ድመቷን ነው?» አለች አሰገደች።

«እስከ ዓርብ ብቻ።»

«እኚያ የአውራጃው ሰውዬ እኮ ዛሬ በዓይናቸው አይተዋታል! ነገ ቢያውቋትስ? መጥፋታችን ነው!»

«እሳቸው ምንም አይሉም። ስላዩዋት እኮ ነው ቶሎ የመጣሁት» አሉ ጓድ ገብረሚካኤል፣ ወርቅዬን በጋቢያቸው ሥር እየሸጎጡ። «ቅዳሜ ደግሞ የሳቸውን ቤት ሊቆጥሩ ከክፍለ ሀገር ይመጣሉ። ከኔ በኋላ እሷን ለመዋስ የሳቸው ተራ ነው።»

አሰገደች ሊቀመንበሩን ሸኝታ በሩን ቆለፈች።