የሾላ ማዶ ድንበርና የአቶ ሙሉጌታ ጫማ

ጎንደሬ ውሸት አይወድም ያላችሁ ማነው? ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቁትማ! ዕድሜውን ትንሽ ቀነስ አድርጎ፣ ደመወዙን ትንሽ ጨመር አድርጎ ይነግራችኋል፤ አድራሻው ላይ ሲደርስ ግን ከከተማው ጥግ የሚኖረው ሁሉ ፒያሳ መሐል የተወለደ ይመስላል። ሌላውን ከማማት እኔን ራሴን ውሰዱኝ። "ቤትህ የት ነው?" ላለኝ ሁሉ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "አዘዞ" እያልኩ ኖሬያለሁ። ውሸት አይደለም እኮ... ታክሲው የሚያወርደኝ አዘዞ ነው። ከወረድኩ በኋላ ሠላሳ አምስት ደቂቃ በእግሬ እንደምኳትን፣ ወንዝ ተሻግሬ አቀበት እንደምወጣ አልጨምርም እንጂ። ያልተጠየቁትን መዘብዘብ ደግሞ ነውር ነው።

እውነተኛው ሰፈሬ ሾላ ማዶ ይባላል። ካርታ ላይ አትፈልጉት፤ የለም። ከተማው "እናንተ ገጠር ናችሁ" ይለናል፤ ገጠሩ ደግሞ "እናንተማ ከተሜ ናችሁ" ይለናል። መታወቂያ ላወጣ ወዲህ ብሄድ ወዲያ ላኩኝ፤ ወዲያ ብሄድ ወዲህ መለሱኝ። አቤት ስንል ደግሞ "ጉዳያችሁ ጥናት ላይ ነው" እንባላለን። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እኛ ነን። ማታ ማታ ከደጃፋችን ቆመን የከተማውን መብራት እናያለን፤ ማየት አልተከለከለም። ለስብሰባና ለችግኝ ተከላ ሲሆን ግን ሁለቱም ወገን ድንገት ይወዱናል። "የእኛ ሕዝብ" ይሉናል፤ ችግኙን ተክለን ስንጨርስ እንደገና የማንም እንሆናለን።

ታዲያ ይህ ሁሉ እስካለፈው ሐምሌ ድረስ ለእኔ የእግር ድካም ብቻ ነበር። ሐምሌ ላይ ግን ነገሩ ልጄ ላይ መጣ።

ልጄ ሰብለ፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ክፍል ትሠራለች። ዮናስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። መስከረም ላይ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ፣ ከዚያ በፊት ሽማግሌ ልኮ ነገሩን ማሰር ፈለገ። በሐምሌ! ሐምሌ ላይ ሾላ ማዶ እንግዳ የሚመጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ ያውም ሟቹ በጣም የተወደደ ከሆነ። "ለጥቅምት ቢሆንስ?" ብዬ ብለማመጥ ሰብለ ትክ ብላ አየችኝና፣

"አባዬ፣ በቤታችን ታፍራለህ እንዴ?" አለችኝ።

አፍሬ ነበር፤ ምን እደብቃችኋለሁ። እንዳፈርኩ ማወቋ ደግሞ ከራሱ ከእፍረቱ ባሰብኝ።

እሑድ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ናቸው። አዘዞ፣ አስፋልቱ ዳር ቆመናል፤ የትኛው ግቢ ነው ይላሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለው ይኼኔ ነው! "መጣሁ" ብዬ ሮጥኩ፤ ሮጬም የደረስኩት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ሦስት ናቸው፦ ቄሱ፣ የዮናስ አጎትና የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ሙሉጌታ። አቶ ሙሉጌታ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ካርታና ወሰን የሚመለከት ቢሮ ይሠራሉ። ጫማቸው ጥቁር፣ አዲስ፣ ፊት የሚያሳይ ነው። ጫማውን ሳይ የወንዙ ጭቃ ትዝ አለኝ።

"ትንሽ ገባ ይላል" አልኳቸው።

ገባን። አሁንም ገባን። ቄሱ ከሩብ ሰዓት በኋላ "ደረስን?" ሲሉኝ "ደረስን ማለት ይቻላል" አልኩ። አቶ ሙሉጌታ መንገዱን ትተው ጫማቸውን ብቻ እያዩ ይራመዳሉ። ወንዙ እንደ ዕድል ገና አልሞላም ነበርና በድንጋይ በድንጋይ አሻገርኳቸው። አቶ ሙሉጌታ ከተሻገሩ በኋላ ዞረው ወንዙን ጥቂት ተመለከቱት፤ የሚያውቁትን ሰው ያዩ ይመስሉ ነበር።

ቤት ሲደርሱ እንደ ወጉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። በእኛ በኩል የተቀመጡት ጎረቤቴ አያ ዘገየ ናቸው። አያ ዘገየ ክረምት ክረምት የሾላ ማዶ ድልድይ እሳቸው ናቸው፤ ወንዙ ሲሞላ አሮጊቱን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ታማሚውን በጀርባቸው ያሻግራሉ። አቶ ሙሉጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ጠየቁ። እኔ "እሺ" ልል አፌን ስከፍት አያ ዘገየ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና፣

"ምነው ደሳለኝ፣ የምትሰጠው ልጅ ነው ወይስ ድመት?" አሉኝ በሹክሹክታ።

እውነታቸውን ነው። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ በአንድ ቀን መጥቶ "እሺ" ተብሎ አይሄድም፤ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ወጉ ሸጋ ነው። ወጉን ያወጡት ሰዎች ግን አስፋልት ዳር ይኖሩ ነበር መሰለኝ! ይህን መንገድ አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ከመጋረጃው ሥር የሰብለ እግር ይታየኛል፤ አይንቀሳቀስም። ፈራሁ፤ በእውነት ፈራሁ። ግን ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ወግ ወግ ነው... "ከዘመድ መክረን የዛሬ ሳምንት" አልኩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። "እስቲ... እንግዲህ..." አሉ አጎትየው። ይህ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ምሳ ቀረበ። ጠላው ሁለቴ ከዞረ በኋላ አቶ ሙሉጌታ ጨዋታ አማራቸው።

"እኔ እኮ ይቺን ቦታ አውቃታለሁ" አሉ እየሳቁ። "የከተማው ወሰን ሲለካ ሜትር ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። ወሰኑ ከዚህ ከኋላችሁ ካለው ጉብታ ድረስ ነበር መሄድ ያለበት። ጊዜው ሐምሌ፣ ወንዙ ሙሉ፣ ጫማዬ ደግሞ አዲስ። 'ወሰኑ ወንዙ ነው' ብዬ ጻፍኩና ተመለስኩ።"

ብቻቸውን ሳቁ። ባለቤቴ ወጥ ልትጨምር ያነሳችው ጭልፋ አየር ላይ ቀረ። ቄሱ መሬት መሬት አዩ። ለካ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "ጉዳያችሁ ጥናት ላይ ነው" የተባልነው ጥናት የአንድ ጥንድ ጫማ ጥናት ኖሯል! አያ ዘገየ ብቻ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና "ሸጋ ነው" አሉ።

ከምሳ በኋላ ከላይ አገር የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞላው። እንግዶቹን ልንሸኝ ስንወርድ ድንጋዮቹ ጠፍተዋል። አያ ዘገየ ሱሪያቸውን ሰበሰቡና ቄሱን አዝለው አሻገሩ። አጎትየውንም አሻገሩ። አቶ ሙሉጌታ ተራቸው ሲደርስ ጫማቸውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው እንደ ሕፃን ታዘሉ። ወንዙ መሐል ሲደርሱ አያ ዘገየ ቆሙ።

"ጌታው፣ ወሰኑ ከወንዙ ከየቱ ላይ ነው ያሉን?"

"ምን?... መሐሉ ነው። ይሂዱ እንጂ፣ ውሃው እየጨመረ ነው።"

"እንግዲያ እዚህ ነው" አሉ አያ ዘገየ። "እኔ የሾላ ማዶ ሰው ነኝ። ከዚህ ወዲያ የከተማ ነው። ያለ ፈቃድ አልገባም።"

እኔ ዳር ቆሜ ነፍሴ ልትወጣ! የልጄ ትዳር አያ ዘገየ ጀርባ ላይ ጫማ ይዞ ይንቀጠቀጣል። "ኧረ አያ ዘገየ፣ በማርያም!" ብዬ ጮህኩ። ሰብለ አጠገቤ ናት፤ የምታለቅስ መስሎኝ ዞር ስል በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች።

"ሜትሩን ይዤ እመጣለሁ፤ ወሰኑ እንደገና ይለካል" አሉ አቶ ሙሉጌታ።

"መቼ?"

"በቀጠሯችን። የዛሬ ሳምንት።"

"ቄሱ ሰምተዋል" አሉ አያ ዘገየ፤ ያኔ ተራመዱ።

መጡላችሁ! በሳምንቱ አቶ ሙሉጌታ ጉልበት የሚደርስ የፕላስቲክ ቦት ተጫምተው፣ ሜትር ይዘው መጡ። ከወንዙ ጀምረው ሰፈራችን ስሙን እስካገኘበት ሾላ ዛፍ ድረስ ለኩ። የደከማቸው ስለመሰለኝ ልጄን ልሰጥ አፌን ስከፍት የአያ ዘገየ ክርን መጣ፤ የእኔ ቤት ከሾላው በላይ ነዋ! ሌላ ቀጠሮ ሰጠን። በሦስተኛው እሑድ ወሰኑ እስከ ጉብታው ደረሰ፤ ሰብለም ተሰጠች። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። አሥራ አንድ ዓመት የተጠና ጉዳይ፣ ወሰኑ የተስተካከለበት ደብዳቤ እንዴት በሁለት ሳምንት እንዳለቀ አትጠይቁኝ፤ እኔም የጽሕፈት ስህተት እንዳይሆን ብዬ ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ሾላ ማዶ ካርታ ላይ አለች። የሠርጉ መጥሪያ ላይ በደማቁ እንዲጻፍ ያዘዝኩት እኔው ነኝ፤ ሰብለ አንብባ ግንባሬን ሳመችኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ጎረምሳ ለአያ ዘገየ ትልቋ ልጅ ሽማግሌ ልልክ ብሎ አማላጅ እንድሆነው ለመነኝ። ሄጄ ነገርኳቸው። የልጁን ሥራ አልጠየቁኝም፤ ዘሩንም አልጠየቁኝም። ጥቂት አሰቡና፣

"ከሽማግሌዎቹ ውስጥ ውሃ የሚያስገባው ቢሮ የሚሠራ አለ?" አሉኝ።

"አንድ አጎት አለው ይባላል" አልኩ።

"ሸጋ ነው። ቶሎ ይምጡ በላቸው፤ ወንዙ ሳይጎድል።"