ሕመም ከዜሮ እስከ አስር

"ጉልበትሽ ቶሎ መታጠፍ ካልጀመረ እንደደረቀ ሊቀር ይችላል" ብሎ ፊዚዮቴራፒስቱ ሲነግረኝ ነው ነፍሴ የወጣችው። በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ ጉልበት ከተገጠመልኝ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ሆላንድ አገር ዴን ሃግ ከተማ ሊፍት በሌለው ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ለምትኖር ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት!

ጥፋቱ የማን ነው? እንደ እኔ ያለ ሰው "እንዴት ነሽ?" ሲባል "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። እናንተስ ሰላም ላላችሁ ሰው ሁሉ ሕመማችሁን ትዘረዝራላችሁ? የሆስፒታሉ ነርስ እየደወለች "ሕመምሽ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?" ትለኛለች። እኔ ትራሴን ነክሼ "ዜሮ፣ ተመስገን" እላለሁ። አንዴማ እንባዬ እየወረደ የእናቷን ጤና ሁሉ ጠይቄያታለሁ። ዜሮ ላለ ሰው ምን ታድርግ? የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቱን አስቀነሰችልኝ። እኔም ሕመሙን ፈርቼ እግሬን እንደ እንጨት ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

ከፊዚዮው በተመለስን ማግስት ነርሷ ስትደውል ልጄ ሳሮን ስልኩን ቀማችኝ።

"ማማ፣ ዛሬ እውነቱን ንገሪያት።"

"ማማረር ነውር ነው። እግዜርስ ምን ይለኛል?"

"እግዜር ቁጥሩን ያውቀዋል። የማታውቀው ነርሷ ናት!"

ስልኩን ተቀበልኩ። እንደ ሌባ አንሾካሽኬ "ስምንት" አልኩ። ትንሽ ቆይቼ "ዘጠኝ" ብዬ አረምኩት።

ሐኪሙ መድኃኒቱን አስተካከለልኝ። ሰዓቱን ጠብቄ እየዋጥኩ፣ እየጮህኩም ቢሆን ጉልበቴን ማጠፍ ጀመርኩ። ትናንት በክራንች ደረጃውን ስወርድ ጎረቤቴ እትዬ ለተብርሃን በራቸውን ከፈቱ።

"እንዴት ነሽ?"

"ሦስት" አልኳቸው።

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ጉልበቴ ታጥፏል፣ ተርፌያለሁ።