ጉባኤ ላይ መግደርደር

እኛ አገር አንድ በር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ከተገናኙ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ብድግ ብሎ መጠበቅ የለበትም፤ ሥራውን ይቀጥል። አንደኛው “ይግቡ” ይላል፣ ሌላኛው “ኧረ አንቱ ይቅደሙ” ይላል፣ “በሞቴ” ይባላል፣ “አፈር ስሆን” ይባላል፣ ትከሻ ለትከሻ መገፋፋት ይጀመራል፤ በዚህ መሐል ዝናብ ቢመጣ ሁለቱም ይበሰብሳሉ እንጂ ቀድሞ የሚገባ የለም። ልብ በሉ፣ ሁለቱም መግባት ይፈልጋሉ። የመጡትም ለመግባት ነው።

ይህን መግደርደር እንለዋለን። አዲስ አበባ የከረሙ ዘመዶቻችን ጊዜ ማባከን ነው እያሉ ይስቁብናል፤ ይሳቁ። እኔ በበኩሌ የመጀመሪያው “እምቢ” የሰውየውን አስተዳደግ እንጂ ፍላጎቱን አይናገርም ባይ ነኝ። ፍላጎቱን ለማወቅ የፈለገ ቢያንስ ሁለቴ ደግሞ ይጠይቅ። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ በዚህ በኩል ትንሽ እናበዛዋለን፤ አልክድም። ይህን ሁሉ የማወራችሁ አስተዳደጌ ባሕር ማዶ ድረስ ተከትሎኝ ሄዶ ጉድ ሊሠራኝ ስለነበር ነው።

የተማርኩት ስለ ዓሣና ስለ ውኃ ነው። ሐይቅ ከተማ ተወልዶ፣ ውኃ እያየ አድጎ፣ መልሶ ስለ ውኃ መማር ብልጠት ይሁን ስንፍና እስከ ዛሬ አልለየሁም። በዚሁ ሙያ የሚማሩ ልጆች የሚሰባሰቡበት አንድ ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ማኅበር አለ፤ ስሙ ረጅም ስለሆነ ልዝለለው። ማኅበሩ በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራና አንድ ሐይቅ ይመርጣል። የተመረጠው ሐይቅ ዘንድ ከየአገሩ ተማሪዎች መጥተው ሁለት ሳምንት ይከርማሉ፤ ውኃውን ይለካሉ፣ ዓሣውን ይመዝናሉ፣ ሲሄዱም የመለኪያ ዕቃዎቹን ለባለአገሩ ትተው ይሄዳሉ።

የእኛ ሐይቅ ዓሣ፣ ቆሮሶ የምንለው፣ ደግሞ እያነሰ መጥቷል። ድሮ አንዱ ዓሣ ከሳህን ያልፍ ነበር ይላሉ፤ አሁን አንዱ ሳህን ሦስቱን ይይዛል። ለምን እንዳነሰ ከተማው ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። ችግሩ፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው ምክንያት የየራሱ መሆኑ ነው። የመረቡ ቀዳዳ ጠበበ የሚል አለ፣ ከማሳው የሚወርደው ማዳበሪያ ነው የሚል አለ፣ ኃጢአታችን ነው የሚልም አለ። ዕድሜያቸውን በታንኳ ላይ የጨረሱት ጋሽ እንድሪስ ግን አንድ ቀን መንገድ ላይ አቆሙኝና፣ “ሁሉም ያወራል፣ የለካ የለም። ልጄ፣ የሚለካ ሰው አምጭልን” አሉኝ። ዓይናቸው ሐይቁ ላይ ነበር። ሲናገሩ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ።

እንግዲህ ሽማግሌ እንዲህ ብሎ ከለመነ ምን ይደረጋል? ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ፎቶ አነሳሁ፤ ከወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ ለመንኩ፤ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ስንሰርዝ ስንደልዝ ከርመን ላክነው። ሐይቃችን ከብዙ ሐይቆች መካከል ተመርጦ የመጨረሻዎቹ ሁለት ውስጥ ገባ። ቲኬቱን ማኅበሩ ቆረጠልኝ፤ ፖላንድ ሄድኩ።

ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ጉባኤ ላላያችሁ ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት፣ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት፣ ሰውነት ማፍታቻ ነው ተብሎ አዳራሽ ሙሉ ሰው ተነሥቶ እንደ ዶሮ ክንፉን ያራግባል። ነገ ፕሮፌሰር የምንባለው እኛው ነን። ቀጥሎ እነዚያው ዶሮዎች ቁጭ ብለው፣ ደንቡ ውስጥ አንዲት ቃል ትግባ አትግባ እያሉ እስከ ምሳ ይከራከራሉ። እጅ ማውጣት የለም፤ የአገር ስም የተጻፈበት ካርድ ነው የሚነሣው። እኔም የኢትዮጵያን ካርድ ይዤ ተቀመጥኩ። የሚያነሣውን ሰው አንገት ቀጥ ያደርጋል፤ ውሸት አልናገርም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ክፍል የደረሰን እኔና ኒሉፋር የምትባል የኢራን ልጅ ነን። ክፍሉ ሦስት አልጋ አለው፤ አንዱ ብቻ መስኮት ሥር ነው። የደረስን ቀን “አንቺ ውሰጂው” አልኳት፤ “በፍጹም፣ አንቺ ከሩቅ ነው የመጣሽው” አለችኝ። “አንቺስ ከቅርብ ነው?” አልኳት። ሩብ ሰዓት ያህል ተከራከርን። በመጨረሻ ሁለታችንም ግድግዳ ሥር ተኛን፤ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ሻንጣዎቻችን ተኙ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደድኳት።

አራተኛው ቀን የሐይቅ ምርጫ ቀን ነበር። ሰብሳቢያችን ያን የሚባል ረጅም የኔዘርላንድ ልጅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰዓት አክባሪ ሰው ነው። አጥኚው ቡድን ዘገባውን አቀረበና አንደኛ የወጣው የእኛ ሐይቅ መሆኑን አስታወቀ። አዳራሹ አጨበጨበ። የቀረው አንድ የደንብ ጥያቄ ብቻ ነው። ያን ወደ እኔ ዞሮ፣ “ኢትዮጵያ፣ ማስተናገዱን ትቀበያለሽ?” አለኝ።

ወገኖቼ፣ የመጣሁት ለዚህች ጥያቄ ነው። ስንት ሌሊት ያሰብኩት፣ ጋሽ እንድሪስ የላኩኝ፣ ለዚህችው ነው። ብድግ አልኩ፣ አንገቴን ሰበር አደረግሁና፣ ከእናቴ ቤት ይዤው በሄድኩት ጨዋነት ሁሉ፣ “ኧረ እኛ ምን አለንና! ሐይቃችን ትንሽ ናት፤ ከእኛ የተሻሉ አሉ” አልኩ። ብዬም ቆሜ “ኧረ በሞቴ” እስክባል ጠበቅሁ።

ያን፣ “ስለ ግልጽነትሽ እናመሰግናለን” አለኝና ላፕቶፑን መታ መታ አደረገ። ፊት ለፊት ትልቁ ስክሪን ላይ፣ ከአገሬ ስም ትይዩ፣ “አልተቀበለችም” የሚል ጽሑፍ ወጣ። በቀይ።

ደነዘዝኩ። ተቀመጥኩ። ሐይቅ ከተማ ገብቼ ከባጃጅ ስወርድ ጋሽ እንድሪስ “እህ፣ ምን አሉሽ?” ሲሉኝ ታየኝ። ምን ልላቸው ነው? ጠይቀውኝ ነበር፣ እኔ ግን ተግደረደርኩ ልበላቸው? አፌ ላይ ድንጋይ ቢጭኑበት ይሻል ነበር። ያን ወደ ሁለተኛው ሐይቅ ተወካይ ዞሮ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ ከወደ ኋላ አንድ ካርድ ተነሣ። ኒሉፋር ናት።

“የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ” አለች። “ኢትዮጵያ እምቢ አላለችም። ገና አንድ ጊዜ ነው የጠየቅካት።”

ያን ደንቡን አገላበጠ። “ስንት ጊዜ መጠየቅ እንዳለበት ደንቡ አይልም” አላት።

“እንግዲያው መልሶ መጠየቅንም አይከለክልም።”

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተነሣ። ከጃፓን የመጣው ልጅ ራሱን በአዎንታ ደጋግሞ ነቀነቀ፤ ኋላ እንደነገረኝ ነገሩ ገና ከመጀመሪያው ገብቶት ነበር፣ ግን መናገሩ ነውር መስሎት ዝም አለ። ያን ትከሻውን ሰበቀና ሁለተኛ ጠየቀኝ። እኔ ልሙት ካላችሁኝ፣ “እሺ” ልል ነበር የተነሣሁት። አፌ ግን አንድ ጊዜ መንገዱን ለምዷል። “እናንተን ማስቸገር እንዳይሆንብን ብዬ እኮ ነው” አልኩ።

ያን ኒሉፋርን አያት። ኒሉፋር አንድ ጣቷን አነሣችና፣ “አንድ ይቀራል” አለችው።

ሦስተኛ ሲጠይቀኝ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ “እሺ። እንቀበላለን። በደስታ” አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ተነሥተው ነው ያጨበጨቡት። ቀዩ ጽሑፍ ጠፍቶ አረንጓዴው ሲመጣ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ኒሉፋር መጥታ አቀፈችኝና በጆሮዬ፣ “እኛ ዘንድ እንዲያውም ቶሎ እሺ አልሽ ይሉሽ ነበር” አለችኝ። ማታ መስኮቱ ሥር ያለውን አልጋ ውሰጂው ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች።

ደስታ ይዤ ሐይቅ ገባሁ። ጋሽ እንድሪስ ሰምተው ኖሮ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ አሚን አልኩ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ማኅበሩ ግን አንድ ቅጽ ልኮ ነበር፦ የአስተናጋጅ ኮሚቴ ይቋቋም፣ የሰብሳቢው ስምና ፊርማ በዐሥር ቀን ውስጥ ይድረሰን፣ ካልደረሰን ዕድሉ ለሁለተኛው ሐይቅ ያልፋል። ዐሥር ቀን? ለአንድ ስም? ብዬ ሳቅሁ።

መሳቅ አልነበረብኝም። የዓሣ አጥማጆቹ መጋዘን ውስጥ ተሰበሰብን፤ ከከተማው፣ ከሐይቁ ዳር ገበሬዎች፣ ተማሪዎቹ ተራራ ስለሚወጡም ከአምባሰል በኩል ሰው ተጠርቷል። ሁሉም በአንድ ቃል ጋሽ እንድሪስን ጠቆመ። ጋሽ እንድሪስ፣ “ኧረ በአላህ፣ እኔ አልችልም፤ መምሬ አስፋው እያሉ?” አሉ። መምሬ አስፋው የሐይቅ እስጢፋኖስ ካህን ናቸው። “እኔ? ጋሽ እንድሪስ ተቀምጦ? አይሆንም” አሉ። ተለመኑ። እንደገና ተለመኑ። አንዱ ወደ አንዱ፣ ሌላው ወደ ሌላው ሲገፋ ዋለና ስብሰባው ለሦስት ቀን ተቀጠረ። በሦስተኛው ቀን ያው። ደግሞ ተቀጠረ። በእኛ ዘንድ ሦስት ጊዜ መጠየቅ ለአልጋ ነው፤ ለወንበር ሦስት አይበቃም ለካ።

ዘጠነኛው ቀን መጣ። ጠዋት ጀምረን እኩለ ቀን ሆነ። ጋሽ እንድሪስ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ “አልችልም፣ ሌላ ፈልጉ” አሉ፤ ሰዉ ደግሞ ሊለምናቸው ጉሮሮውን ጠረገ። ያኔ ደሜ ፈላ። አይታችሁኝ ከሆነ እኔ ሽማግሌ ፊት ቀና ብዬ የማልናገር ልጅ ነኝ። ተነሣሁ፣ ቅጹን ገለጥኩና፣ “ጋሽ እንድሪስ፣ ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን። አልተቀበሉም ብዬ ጽፌያለሁ። የሚቀጥለው ማን ነው?” አልኩ።

ጋሽ እንድሪስ ከተቀመጡበት ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ።

“ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?”

“እምቢ አሉ ብዬ።”

“ማን ነው እምቢ ያለው? እኔ አልችልም ነው እንጂ መቼ እምቢ አልኩ?”

“ልዩነቱን ቅጹ አያውቅም፣ ጋሼ።”

መምሬ አስፋው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ጋሽ እንድሪስ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። “በይ ሰርዥው። ስሜን ጻፊ። በደንብ ጻፊ፣ ከነአያቴ” አሉ። መምሬም ምክትል ይሁኑ ሲባሉ ዓይናቸው ወደ እስክሪብቶዬ ሄደና በአንዴ እሺ አሉ። ከምሳ በፊት ኮሚቴው ከነጸሐፊው፣ ከነጀልባ ኃላፊው ተሟላ። እንዲህ ያለ ስብሰባ ሐይቅ ታይቶ አይታወቅም። ቅጹን አስፈርሜ፣ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ላክሁት። ስንወጣ ጋሽ እንድሪስ ጎኔን ነካ አድርገው፣ “አንዴ ብቻ ብትጨምሪኝ ምን ነበረበት?” አሉኝ። ቅሬታ ነበራቸው፤ እኔም እስከ ዛሬ ትንሽ ይከነክነኛል።

ልጆቹ መጡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሐይቁ ላይ ታንኳ ሞላ። ውኃው ተለካ፣ ቆሮሶው ተመዘነ፣ መረቡም ማዳበሪያውም በየድርሻው ተጻፈ፤ ኃጢአታችን ብቻ መለኪያ አጥቶ ቀረ። ዕቃዎቹ እኛው ዘንድ ናቸው። የውኃውን ጥራት የሚያሳየውን ነጭ ሳህን በገመድ ወደ ታች እየለቀቁ በየሳምንቱ የሚለኩት ጋሽ እንድሪስ ራሳቸው ናቸው፤ ደብተር አላቸው፣ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። ዘንድሮ ዓሣ እንቁላል የሚጥልበትን ዳር መረብ እንዳይገባበት አስከልክለዋል። በጣም ነው የኮራሁባቸው።

ባለፈው ወር ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። መስተንግዶውን ስለወደዱት በሚመጣው ዓመትም እንድናስተናግድ ይጠይቁናል። እየሮጥኩ ሄጄ ለጋሽ እንድሪስ አነበብኩላቸው። ፊታቸው በራ። ሁለቴ አስነበቡኝ። ከዚያ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ “አንዴ እምቢ በያቸው” አሉኝ።

“ጋሼ፣ እነሱ እኮ አንዴ ነው የሚጠይቁት። ዕድሉ ቢያመልጠንስ?”

“እና ጥሪ ስንጠብቅ የኖርን እንምሰል? በይ ጻፊ።”

ምን ላድርግ። ክብር ነው፣ ነገር ግን ሐይቃችን ትንሽ ናት፣ ከእኛ የተሻሉ አሉ ብዬ ጻፍኩ። ላክ የሚለውን ስጫን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሁለት ቀን እህል አልዋጥልኝ አለ።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ የጻፈው ያን ነው። እዚያው ታንኳው ዳር ቆሜ ለጋሽ እንድሪስ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው፦ “ይህ ሁለተኛው ጥያቄያችን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሐሙስ ይደርሳችኋል። እስከዚያው ታንኳዎቹን ማዘጋጀት ጀምሩ።”

ጋሽ እንድሪስ ሳህናቸውን ከውኃው እየሳቡ፣ “ማሻአላህ፣ ይኼ ልጅ ሰው ወጣው” አሉ።