የሰርቦ መንገድ መርማሪ

በኢትዮጵያ ምድር ብቻውን የተጓዘ ሰው የለም። ብቻዬን ልቀመጥ ላለም አጠገቡ ጠያቂ ይመደብለታል። እኔ በሰባ ዓመቴ የተመደቡልኝ ግን ተራ ጠያቂ አልነበሩም፤ ሊቀ ጠያቂያን ክብርት ወይዘሮ ዙቤይዳ ናቸው፤ በጅማና በሰርቦ መካከል እየተመላለሱ ቡና ይነግዳሉ።

ባለቤቴን ቀብሬ፣ የአዲስ አበባ ቤቴን ዘግቼ፣ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለችው ልጄ ዘንድ ከገባሁ ገና ወር አልሞላኝም። ያን ረቡዕ ቤት መዋል ቢታክተኝ ወደ ሰርቦ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

«ሰርቦ ማን አለዎት አባባ?» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ዙቤይዳ።

«ማንም።»

«ማሎ፣ እባክዎ! ማንም ሳይኖር ሰርቦ ይኬዳል? ልወቅ ብዬ እኮ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ምርመራው ተጀመረ። ልጅ ስንት? ጡረታ ከየት? ባለቤትዎስ? «አርፋለች» አልኩ። ሌላ ጠያቂ እዚህ ላይ አንገቱን ይደፋል። ወይዘሮ ዙቤይዳ «ኢና ሊላሂ» ብለው ትንሽ ተነፈሱና፣ «ምን አመማቸው?» አሉ። መልሴን ሁሉ በኦሮምኛ ለኋላ ወንበር ያስተላልፋሉ፤ የኋላ ወንበር መክሮበት ተጨማሪ ጥያቄ ይልካል።

«ክርስቲያን ነዎት አይደል? ይጾማሉ?»

«ረቡዕና ዓርብን።»

«ማሻ አላህ» አሉ፤ ይህም ወደ ኋላ ተላለፈ።

እኛ ክርስቲያኖች በዚህ ምድር እንግዶች ነን እያልን እንኖራለን። ቤት ተቀምጠው ሲያስቡት ደስ ይላል። ቋንቋውን በማያውቁት ሚኒባስ ውስጥ፣ ጉልበት በቡና ጆንያ ተጨናንቆ ሲሆን ግን ይደክማል።

ሰርቦ እንደወረድኩ አንድ ሻይ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትቻለሁ። የቀሩኝ እነዚያ ሁለት የጾም ቀናት ብቻ ናቸው፤ እነሱንም የያዝኳቸው እሷ ታየኛለች በሚል ስሜት ነው። ሰው በማያውቀኝ ከተማ ለማን ብዬ ልጹም? አስተናጋጇን ትኩስ ወተት አዘዝኳት።

ብርጭቆው ከንፈሬ ሳይደርስ ከበሩ ድምፅ መጣ።

«ሳቢሪን! መልሺው! እኝህ አባባ ረቡዕን ይጾማሉ!»

ሻይ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ወይዘሮ ዙቤይዳ ጆንያቸውን ደጃፍ ጥለው ወተቱን ከእጄ ወሰዱ።

«እርስዎን ምን አገባዎት?» አልኩ፤ ድምፄ እንደፈለግሁት አልጠነከረም።

«ሚስትዎ የሉም። ልጅዎ ጅማ ናት። እዚህ ከኔ በቀር ማን ያውቅዎታል?»

በዚያ ከተማ ታሪኬን ከነሕመሙ የሚያውቅ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ወተት የሌለበት ሻይ መጣልኝ፤ ጠጣሁ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው ምርመራውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ማታ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከአንድ ጎልማሳ ጋር ተቀመጥኩ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ እስከ ጅማ ድረስ የየት አገር ሰው እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቀኝ ተጉዞ ወረደ።

ምን ያለ አሳዳጊ የበደለው ነው!