አንዴ ብቻ፣ ከመጀመሪያው

በየከተማው፣ ሰው ሁሉ መዝፈን ይችላል ብሎ የሚያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው አደገኛ ነው። ሌባን ፖሊስ ይይዘዋል፣ ሰካራምም ሲነጋ ይበርድለታል፤ ሁሉም ሰው ድምፅ አለው ብሎ ያመነን ሰው ግን የሚያስቆም ኃይል የለም። የእናንተ ከተማው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። የአሰበ ተፈሪው የሙዚቃ መምህርቷ ወይዘሮ ደስታነሽ ነበሩ። እኔ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከእሳቸው ክፍል የሚለየኝ አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ለሙዚቃ የመደበላቸው ዕቃ አንድ ከበሮ ነው፤ እሱም በአንድ በኩል ተቀድዷል። እትዬ ደስታነሽ (ልጆቹም እኛም የምንጠራቸው እንደዚያ ነው) ቅር አላላቸውም። የዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ሰበሰቡ፤ ከየሻይ ቤቱ የለስላሳ ቆርኪ አስለቅመው በሽቦ ሰኩና ጸናጽል ነው አሉ። ከዚያ በኋላ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሰባት ሲባዛ በስምንት እላለሁ፣ ከግድግዳው ወዲያ ክፍሉ ሙሉ ልጅ ቆርቆሮ ይደልቃል። በዚያ ዘመን ከእኔ ክፍል ማባዛት ያወቀ ልጅ ካለ ከንፈሬን እያየ ነው የተማረው።

የሚታወቁበት አነጋገር ነበራቸው፤ "አንዴ ብቻ፣ ከመጀመሪያው።" አንዴ ሆኖ ግን አያውቅም። ዘበኛው ሙሜ፣ ደወል ተብሎ ከግራሩ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ ከክፍላቸው ብቅ ብለው፣ "ሙሜ፣ አጣደፍከው። አንዴ ብቻ፣ ከመጀመሪያው" አሉት። ሙሜ ታዛዥ ሰው ነው፣ ደግሞ መታ። ያን ቀን ተማሪው ለዕረፍት ወጥቶ፣ ተመልሶ ገብቶ፣ እንደገና ወጣ።

"ድምፅ የለኝም" የሚል ልጅ ሲገጥማቸው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያዩትና፣ "በምን ነገርከኝ ታዲያ?" ይሉታል። በማግስቱ ከፊተኛው ረድፍ ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር ግን አስቸግሯቸው ነበር፤ ጥድፊያ። አገሩ የጫት አገር ነው፣ ጫት ደግሞ ሳይጠወልግ መድረስ አለበት። ከሰዓት በኋላ የጫት መኪና በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ክላክሱን እየነፋ ሲያልፍ፣ አሳሪው እጁን ያፈጥናል፣ ተሸካሚው ይሮጣል፣ ሻይ የያዘው በትኩሱ ጨልጦ ምላሱን ይቃጠላል። ልጆቹ ይህን ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተውታል። ስለዚህ ክላክስ በተሰማ ቁጥር፣ ማንም ሳያዛቸው፣ መዝሙራቸው ይጣደፋል። ለስለስ ብሎ የተጀመረው ዜማ መሀሉ ላይ ሰልፍ፣ መጨረሻው ላይ ሽሽት ይሆናል።

አብዮቱ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ በየትምህርት ቤቱ መካከል የመዝሙር ውድድር ታወጀ። ዳይሬክተራችን አቶ ከሊል እትዬ ደስታነሽን እኔ ባለሁበት ጠሯቸው።

"እንግዲህ ከላይ የተባለውን ልንገርዎ" አሉ፣ "አንደኛ ወይም ሁለተኛ ካልወጣን፣ የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለእርሻ ትምህርት ይሰጣል። እርስዎም እርሻ ያስተምራሉ።"

እኔ በልቤ እርሻን ደግፌያለሁ። እርሻ ቆርቆሮ አይደልቅም።

እትዬ ደስታነሽ ለውድድሩ የመረጡት ራሳቸው የደረሱትን የዝናብ መዝሙር ነው። ጠብ ጠብ ብሎ የሚጀምር፣ ቀስ ተብሎ ካልተዘመረ ፈጽሞ የማይሆን ነገር።

"ፈጠን ያለ ቢመርጡላቸው ምን ነበረበት?" አልኳቸው። "ክላክስ ቢነፋም አይታወቅባቸውም።"

"አቶ ሞገስ፣ ልጅ መቀነስ ሲያቅተው እርስዎ መደመር ብቻ ያስተምሩታል?"

ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ዝናብ ዘነበብን። አንድ ቀን ጫት ነጋዴዋ ሀሊማ፣ መዝሙሩን ከፊት የምታወጣው የኩብራ እናት፣ በር ላይ መጣች። "ወላሂ እትዬ፣ ልጄን ምን አደረግሻት? መኪናው ይጮሃል፣ እሷ ዝናብ ዝናብ እያለች ቀስ ብላ ታስራለች። ሰው አሥር እስር ሲያስር እሷ ሁለት።"

እትዬ ደስታነሽ ፊታቸው በራ። "ክላክሱ እየተነፋ ነው ቀስ የምትለው?"

"አዎ እኮ ነው የምልሽ።"

"ተባረኪ፣ ሀሊማ" አሉና ወደ ክፍላቸው ሮጡ። ሀሊማ የመጣችበት ነገር ምን እንደደረሰበት ሳይገባት ሄደች።

የውድድሩ ዕለት ከዋናው መንገድ ዳር ባለው ሜዳ ተሰበሰብን። የቦርደዴዎቹ መሬት እየረገጡ ዘመሩ፣ የመቻራዎቹ ከእነሱ ፈጥነው ዘመሩ፣ የኛዎቹ ተራ መጨረሻ ነበር። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት እንደጀመረ ክላክስ ተነፋ። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ያለውን መዝሙር በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ሕዝቡ ሳቀ፣ የክብር እንግዳው ለይሉኝታ አጨበጨቡ።

እትዬ ደስታነሽ እጃቸውን አነሱ። "ይቅርታ ጓዶች። አንዴ ብቻ፣ ከመጀመሪያው።"

ሌላ መኪና መጣ፣ ልጆቹ ደግመው ሸሹ። እንግዳው ሰዓታቸውን አዩ። አቶ ከሊል ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ከመጀመሪያው" አሉ እትዬ ደስታነሽ፣ የሚሰሙትን ሁሉ ትተው ኩብራን ብቻ እያዩ።

በሦስተኛው የመጣው መኪና ከሁሉም የከፋ ነበር፤ ሾፌሩ እጁን ከክላክሱ አላነሳም። የኩብራ እግር ብድግ ሲል አየሁት። ድምጿ ግን አልተነቃነቀም። ከኋላዋ ያሉት እሷን ተከትለው ከመሮጥ ቀሩ፣ ዝናቡም በራሱ ጊዜ ጠብ ጠብ እያለ መጣ። ጫት የተሸከመ አንድ ሰው ሸክሙን አውርዶ ቆመ፤ በዚያ ሰዓት ጫት አውርዶ የቆመ ሰው በአሰበ ተፈሪ ታይቶ አይታወቅም።

በውጤት መጨረሻ ሆንን። ደንቡ አንድ ጊዜ ይዘመር ይላል፣ እኛ ሦስት ጊዜ ዘምረናል።

መስከረም ላይ እርሻ ገባ። ሰባት ሲባዛ በስምንት ስል ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ድምፅ ሰማሁት፤ ደስ የሚል ድምፅ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ክላክስ ተነፋ። ልጆቼ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ፣ እኔም አየሁ። ከወዲያ በኩል እትዬ ደስታነሽ ስለ ፍግ ያስረዳሉ። እውነቱን ልናገር፣ ናፈቁኝ። እዚያው ሆነው ናፈቁኝ።

ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። "የሐሙስ የሒሳብ ክፍለ ጊዜዬን ይውሰዱት" አልኩ። "ማባዛቱን በሌላው ቀን አደርሰዋለሁ።"

አላመሰገኑኝም። "እርስዎ ከኋላ ረድፍ ይቆማሉ" አሉ።

"እኔ እንኳ ድምፅ የለኝም።"

"በምን ነገሩኝ ታዲያ?"

ሐሙስ ከኋላ ረድፍ ቆምኩ። ዝናቡን ጀመርን። መሀሉ ላይ ክላክስ ተነፋ። ልጆቹ ንቅንቅ አላሉም፣ ቀስ ብለው ቀጠሉ። ከመካከላችን አንድ ሰው ብቻ ተጣድፎ፣ ሁሉንም ቀድሞ ጨርሶ፣ ብቻውን አፉን ዘግቶ ቆመ። ልጆቹ ዞረው አዩኝ። እትዬ ደስታነሽ እጃቸውን አነሱ።

"አቶ ሞገስ" አሉ፣ "አንዴ ብቻ፣ ከመጀመሪያው።"

አንዴ እንደማይሆን አውቅ ነበር። ደስ አለኝ።